የባጃጅ ማኅበር መዝገብ በማን እጅ ይሁን? ስለ ቴክኖሎጂ፣ ስለ ካፒታልና ስለ ግል መረጃ (ድሬዳዋ)

#1 ከዚራ_02 · ሰኞ ማታ 2:15

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ድሬ የባጃጅ ማኅበራት ሥራ ቀስ በቀስ ወደ ስልክ እየገባ ነው። የአባላት ስም ዝርዝር ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለጠፋል። መዋጮ በቴሌብር ይገባና ስክሪንሹቱ ለሒሳብ ሹሙ ይላካል። ተራ የሚደለደለው በድምፅ መልእክት ነው። አሁን ደግሞ የጥሪ አፕ ይዘው የሚመጡ ድርጅቶች «መዝገቡንም ተራውንም በነጻ እንይዝላችኋለን» እያሉ ነው።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በግራ ዘመም ዓይን ሲታይ ይሄ «በነጻ» የሚሉት ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ ማኅበሩ መዝገቡን ራሱ ይያዝ ካልን በተግባር ምን ዕቃ፣ ምን ያህል ሰው፣ ምን ዓይነት ደንብ ይጠይቃል? መፈክር ብቻ ይዛችሁ አትምጡ፤ ነገ ጠዋት ሊሠራበት የሚችል ነገር ጻፉ።

አቋሜን ከወዲሁ ላስታውቅ። የግል መረጃ ጉዳይ «የምደብቀው ነገር አለኝ ወይስ የለኝም» የሚል የአንድ ሰው ጥያቄ አይደለም። የሥራችን መዝገብ በማን እጅ ነው የሚል የመደብ ጥያቄ ነው።

#2 ጀጎል_ውስጥ (ሐረር) · ሰኞ ማታ 3:05

መጀመሪያ ወጪው በማን ላይ እንዳለ እንይ። ባጃጁ የሾፌሩ ወይም የባለንብረቱ ነው። ቤንዚኑ፣ ጎማው፣ ጥገናው፣ ስልኩ፣ የኢንተርኔት ጥቅሉ ሁሉ ከዚያው ወገን ይወጣል። ድርጅቱ የሚያመጣው ጠሪና ተጠሪን የሚያገናኝ ፕሮግራምና መዝገብ ነው። ማርክስ ስለ ፋብሪካ ሲጽፍ ማሽኑ የካፒታሊስቱ ነበር፤ እዚህ ማሽኑን የገዛው ሠራተኛው ሆኖ ሳለ ከእያንዳንዱ ጉዞ ድርሻ የሚቆርጠው ግን ሌላ ነው። ገበያው የሚያልፍበትን መንገድ የያዘ ኪራይ ይቀበላል።

ይሄ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የጅቡቲው ባቡር መጀመሪያ የታሰበው በሐረር በኩል እንዲያልፍ ነበር። ተራራው ወጪ ስለሚያበዛ ሐዲዱ በቆላው ዞረ፤ በ1902 እ.ኤ.አ. አሁን ድሬዳዋ ያለችበት ቦታ ደረሰ። ከተማዋም በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ነበር የተባለችው። የሐረር ቡና ያው ቡና፣ የሐረር ነጋዴም ያው ነጋዴ ነው፤ መጋዘኑና ገበያው ግን ወደ ጣቢያው ወረደ። አንድ ኩባንያ መስመር ሲመርጥ የሌላው ሁሉ ኑሮ አብሮ ተወሰነ።

አፑ ከሐዲዱ የሚብስበት አንድ ነገር አለ። ጉዞው ሲመዘገብ ድርጅቱ ሳቢያን ሰፈር በስንት ሰዓት ስንት ሰው እንደሚጠራ፣ የትኛው ሾፌር በስንት ብር «እሺ» እንደሚል እያወቀ ይሄዳል። ሾፌሩ የሚያውቀው የራሱን ውሎ ብቻ ነው። ለድርድር ሲቀመጡ አንዱ የሁሉንም፣ ሌላው የአንዱን ብቻ ካወቀ ዋጋው ያለቀው ገና ንግግሩ ሳይጀመር ነው።

#3 አሸዋ_ሱቅ · ሰኞ ማታ 3:40

አቦ፣ እኔ አልስማማም። በዚህ ፀሐይ ተራ እየጠበቀ የሚቆም ልጅ የሚያስፈልገው ተሳፋሪ ነው። አፑ ተሳፋሪ ካመጣለት ኮሚሽኑ ተገቢ ነው። ድርጅቱ ቢያጭበረብር ደግሞ ሌላ ይመጣል። ቴሌ ብቻውን በነበረበት ጊዜ አማራጭ የለም ስንል ነበር፤ በነሐሴ 2014 ሳፋሪኮም ሙከራውን የጀመረው እዚሁ ድሬዳዋ ነው።

ዳታው የሾፌሩ ነው ካላችሁም መፍትሔው ቀላል ነው፤ ራሱ ይሽጠው። «መሬት ላራሹ» እንደተባለው ዳታም ለአምራቹ።

#4 ጀጎል_ውስጥ · ሰኞ ማታ 4:20

@አሸዋ_ሱቅ ስለ ተሳፋሪው ያልከው ልክ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ስሌት እሱን ይመልሳል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። «ይሽጠው» የሚለው ግን አያዛልቅም።

መሬት አንዱ ሲያርሰው ሌላው ሊያርሰው አይችልም። መዝገብ ሺህ ጊዜ ቢገለበጥ አያልቅም። ዋጋውም ያለው በክምችቱ ላይ ነው፤ የአንድ ሾፌር የአንድ ወር ጉዞ ብቻውን ለማንም ምንም አይጠቅምም። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ በ2023 እ.ኤ.አ. ወደ 135 ቢሊዮን ዶላር ገቢ አግኝቷል፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ከማስታወቂያ ነው። ተጠቃሚው ከ3 ቢሊዮን በላይ ስለሆነ በአማካይ ሲካፈል በዓመት ለአንድ ሰው ከ45 ዶላር በታች ይደርሳል። ያውም አማካዩን የሚያነሣው የአሜሪካና የአውሮፓ ተጠቃሚ ነው፤ ለእኛ አገር ሰው ማስታወቂያ ነጋዴው የሚከፍለው እጅግ ያነሰ ነው። እያንዳንዱ ለየብቻው ይሽጥ ማለት ሳንቲም ተቀብሎ የመደራደር አቅምን ማስረከብ ነው። ማኅበሩ አንድ ላይ ሲይዘው ግን «የጉዞውን መዝገብ ካላሳያችሁን አንፈርምም» የሚል ጉልበት ይኖረዋል።

ስለ ውድድሩም፣ ሁለቱ ቴሌዎች የሚፎካከሩት በጥቅል ዋጋና በኔትወርክ ነው። ማን አነስተኛ መረጃ ይሰበስባል በሚለው ሲፎካከሩ አላየንም። ሁለቱም ሲም የሚያወጡት በመታወቂያ ነው፤ ሁለቱም የሞባይል ገንዘብ አላቸው፤ ቴሌብር ከግንቦት 2013፣ ኤም ፔሳ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ። በስልክ የሚገኘው አነስተኛ ብድር ጣራው የሚወሰነው ደግሞ በዚያው በገንዘብ እንቅስቃሴ ታሪክ ነው።

#5 ሽቦና_ብረት · ማክሰኞ ጠዋት 1:30

ወደ ተግባሩ ልግባ። መጀመሪያ ያለውን ቀዳዳ መድፈን ነው፤ እሱም ቴሌግራም ነው።

የቴሌግራም ግሩፕ መልእክት ከስልካችሁ እስከ ሰርቨሩ ተመስጥሮ ይሄዳል፤ እዚያ ሲደርስ ግን ቁልፉ በድርጅቱ እጅ ነው። ከላኪ እስከ ተቀባይ የሚመሰጠረው «ሲክሬት ቻት» ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ለሁለት ሰው እንጂ ለግሩፕ አይሠራም። ከመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ሕጋዊ ጥያቄ ሲቀርብለት የስልክ ቁጥርና አይፒ አድራሻ (የመሣሪያውን የኢንተርኔት አድራሻ) አሳልፎ እንደሚሰጥ በደንቡ ላይ ጽፏል።

ግሩፑን ዛሬ መዝጋት አይቻል ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱ አባል ሴቲንግስ ውስጥ «ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ይግባ። «ፎን ነምበር» የሚለውን «ኖባዲ» ያድርግ፤ ከሥሩ «በቁጥሬ ማን ያግኘኝ» የሚለውን «ማይ ኮንታክትስ» ያድርግ። «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» ያብራ፣ የይለፍ ቃሉን ቢረሳ የሚመልስበት ኢሜይልም ያስገባ። ይሄ ካልበራ በኤስኤምኤስ የሚመጣው ኮድ ብቻውን አካውንቱን ይከፍታል፤ ሲሙ የጠፋ ወይም በስሙ ሌላ ሲም የወጣበት ሰው አካውንቱን የሚነጠቀው በዚህ ነው። «ዲቫይስስ» ውስጥ የማያውቀው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ካለ ያስወጣ። «ሲንክ ኮንታክትስ» ይዝጋ፤ ካልተዘጋ የእናቱም የጎረቤቱም ቁጥር ሰርቨሩ ላይ ይወጣል።

የአመራሩ ንግግር የግሩፕንም መልእክት ከላኪ እስከ ተቀባይ ወደሚመሰጥረው ሲግናል የሚባል አፕ ይዛወር። ግሩፑ እስከ 1,000 ሰው ይይዛል፤ መልእክቱ ከአራት ሳምንት በኋላ ራሱ እንዲጠፋ ማድረግ ይቻላል። ለመመዝገብ ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፤ ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ቁጥሩን ሳያሳዩ በተጠቃሚ ስም መጻጻፍ ይቻላል። ሌላ ሰው በቁጥራችሁ እንዳይመዘገብ በፒን የሚከለክለው «ሬጅስትሬሽን ሎክ» መብራት አለበት፤ ፒኑን የረሳ ሰው ለጥቂት ቀን ስለሚታገድ ወረቀት ላይ ጽፎ ቤት ያስቀምጥ።

እባካችሁ የመታወቂያ ፎቶ ግሩፕ ላይ አትለጥፉ። አንዴ የተላከ ፎቶ በብዙ ስልክ ራሱ ይወርዳል፣ ጋለሪ ውስጥ ይገባል፣ ከጋለሪ ወደ ጎግል ፎቶስ ይሄዳል። ከቻቱ ብታጠፉትም እነዚያን ቅጂዎች አያገኛቸውም።

#6 ሳቢያን_ልጅ · ማክሰኞ ጠዋት 2:10

ሽቦና ብረት፣ እጅህ ይባረክ። ግን መዝገቡን ጎግል ሺት ላይ ብናደርገው ምን ችግር አለው? ሰርቨር ምናምን ከባድ አይሆንም?

#7 ሽቦና_ብረት · ማክሰኞ ጠዋት 3:00

ሺት ኢንተርኔት ይፈልጋል። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲዘጋ የደመና ላይ መዝገብ ያለው ሁሉ ሥራው ቆሟል። ሌላው ደግሞ ሊንኩ ነው፤ «ሊንኩ ያለው ሁሉ ያያል» በሚለው ተከፍቶ ይረሳል።

ሰርቨር የሚባል ነገር አያስፈልጋችሁም። 300 አባል በወር አንድ ጊዜ ቢከፍል በዓመት 3,600 መስመር ነው፤ እንደ ኤክሴል ባለው ነጻ ፕሮግራም በሊብረኦፊስ ካልክ ሲቀመጥ አንድ ሜጋባይት አይሞላም። የሚበቃችሁ ያገለገለ ላፕቶፕ ነው፤ ራሙ 8 ጂቢ ቢሆን ጥሩ፣ 4ትም ይሠራል፤ 256 ጂቢ ኤስኤስዲ ይኑረው። ዴቢያን የሚባለውን ነጻ የሊኑክስ ሥርዓት ስትጭኑ ዲስኩ ሙሉ በሙሉ ይመስጠር፤ ምርጫው መጫኛው ላይ አለ፤ በኋላ ለማድረግ ከባድ ስለሆነ እዚያው ጨርሱት።

ራስፕቤሪ ፓይ የምትባለውን ትንሽ ኮምፒውተር ርካሽ ነው ብላችሁ አትግዙ። መብራት ድንገት ሲጠፋ የሚበላሸው ሚሞሪ ካርዱ ነው፤ መዝገቡም አብሮ ይሄዳል። ላፕቶፕ ባትሪው ራሱ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ነው። ለራውተሩ ብቻ 12 ቮልት ሚኒ ዩፒኤስ ጨምሩ።

የድሬ ሙቀት የራሱ ጣጣ አለው። ባትሪ 100 ላይ ተሞልቶ ሌት ተቀን በሙቀት ሲቀመጥ ያብጣል፤ ሲያብጥ ታችፓዱን ወደ ላይ ይገፋል። ብዙ የቲንክፓድ ላፕቶፖች ባትሪው 80 ላይ ሲደርስ መሙላት እንዲያቆም ማድረግ ያስችላሉ። በመስኮት በኩል ፀሐይ የሚያገኘው ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡ፣ በጨርቅም አትሸፍኑ፤ አቧራውን በሦስት ወር አንዴ ከፍቶ መንፋት ነው።

ቅጂው በሲንክቲንግ ይሁን፤ ፋይልን ከማሽን ወደ ማሽን የሚያመሳስል ነጻ ፕሮግራም ነው። ሦስት ማሽን፤ የሒሳብ ሹሙ፣ የኦዲተሩ፣ ሦስተኛው ሐረር ያለ የታመነ ሰው ጋር። ሐረር ወደ 55 ኪሎ ሜትር ስለሚርቅ ድሬ ላይ ጎርፍ ወይም ሌባ ቢመጣ መዝገቡ ይተርፋል፤ አየሩም ለዲስክ ይመቻል። ሞባይል ኢንተርኔት ላይ ከውጭ በቀጥታ የሚደረስበት የራሳችሁ አይፒ አድራሻ ስለማይኖራችሁ ሲንክቲንግ በመሸጋገሪያ ሰርቨር ያልፋል፤ ተመስጥሮ ስለሚሄድ መሸጋገሪያው ይዘቱን አያየውም፤ ፍጥነቱ ብቻ ይቀንሳል። የመጀመሪያውን ቅጂ ሦስቱንም አንድ ዋይፋይ ላይ አድርጋችሁ ጨርሱት።

ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛ፣ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ፋይሉን ቢያስተካክል «ሲንክ ኮንፍሊክት» የሚል ስም ያለው ሌላ ፋይል ይወለድና የትኛው ትክክል እንደሆነ ይጠፋል። ስለዚህ የሚጽፈው ሒሳብ ሹሙ ብቻ ይሁን፤ የሌሎቹ ሁለት ማሽኖች ፎልደር «ሪሲቭ ኦንሊ» (ተቀባይ ብቻ) ይደረግ። ሁለተኛ፣ ሲንክቲንግ ባክአፕ አይደለም፤ አንዱ ጋ የጠፋ ፋይል ሌሎቹም ጋ ይጠፋል። በተቀባዮቹ ማሽኖች ላይ «ስታገርድ ፋይል ቨርዥኒንግ» አብሩ፣ የድሮዎቹን ቅጂዎች ይይዛል። በወር አንዴ ደግሞ በፍላሽ ገልብጦ ካዝና ውስጥ።

በስልክ ላይ ለምትፈልጉ፣ ዋናው የአንድሮይድ አፕ በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ተቋርጧል፤ የሚሠራው «ሲንክቲንግ ፎርክ» ነው።

#8 ለገሃሬ_ጣቢያ · ማክሰኞ ቀትር 6:45

ዕቃው ተሟላ እንበል። ቁልፉስ? ላፕቶፑን የሚከፍተው ሊቀመንበሩ ብቻ ከሆነ የድርጅት ባለቤትን በሊቀመንበር ተካን ማለት ነው። በአገራችን የማኅበር ጠብ አብዛኛው የሚነሣው ከመዝገብና ከማኅተም ነው።

ይሄ በትልቁም ታይቷል። በቺሊ የአየንዴ መንግሥት በ1971 እ.ኤ.አ. ስታፎርድ ቢር የተባለውን እንግሊዛዊ ጠርቶ የመንግሥት ፋብሪካዎችን በቴሌክስ (በመስመር ጽሑፍ በሚያስተላልፍ ማሽን) የሚያገናኝ ሳይበርሲን የሚባል ሥራ ጀመረ። በጥቅምት 1972 እ.ኤ.አ. የጭነት መኪና ባለንብረቶች አድማ ሲመቱ መንግሥት በእጁ የቀሩትን መኪኖች ያሰማራው በዚያ ቴሌክስ መልእክት እየተቀበለ ነበር፤ ጠቅሞታል። ሠራተኛው ራሱ ግን በሥርዓቱ ውስጥ የታሰበለትን ያህል ድርሻ ሳያገኝ መስከረም 11 ቀን 1973 እ.ኤ.አ. መፈንቅለ መንግሥቱ መጣ። ማሽኑ የጋራ ተባለ ማለት ውሳኔው የጋራ ሆነ ማለት አይደለም።

ስለዚህ ደንቡ ላይ ይጻፍ፤ የዲስኩ የይለፍ ቃል ለሁለት ይከፈል፣ ግማሹ በሒሳብ ሹሙ፣ ግማሹ በኦዲተሩ እጅ። ላፕቶፑ ጠፍቶ ሲነሣ ሁለቱ መጥተው ይክፈቱ። ሙሉው በታሸገ ኤንቨሎፕ በሦስት ሰው ፊርማ ካዝና ይግባ። ሥራ አስፈጻሚው ሲቀየር በሳምንቱ ውስጥ የይለፍ ቃሉ ይቀየር፤ ዴቢያን ላይ ዲስኩ ከአንድ በላይ ቁልፍ ስለሚቀበል አዲሱን ጨምሮ አሮጌውን መሰረዝ ይቻላል። በየሩብ ዓመቱ ማንኛውም አባል የራሱን መስመር ታትሞ እንዲያይ መብት ይኑረው።

#9 ጠበቃ_ድሬ · ማክሰኞ ማታ 1:20

ወንድሞቼ፣ ሕጉን ዘለላችሁት። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። መረጃ ለተነገረው ዓላማ ብቻ ይሰብሰብ ይላል፤ ባለመረጃው የማየት፣ የማስተካከልና የማሰረዝ መብት አለው። አዋጁ አፕ ድርጅቱን ብቻ አይይዝም፤ ማኅበሩ ራሱ መዝገብ ሲይዝ ተጠያቂ ነው።

ለአፕ ድርጅት በጽሑፍ የሚጠየቀው ይሄ ነው፤ ስለ ሾፌሩ ምን ይዛችኋል፣ ከየት አመጣችሁት፣ ለማን ሰጣችሁ፣ አካውንት ሲታገድ የሚወስነው ሰው ነው ወይስ ፕሮግራም። ደብዳቤው በሁለት ኮፒ ሆኖ አንዱ ላይ «ደርሶናል» ተብሎ ማኅተም ይመታበት፤ በቻት የተጠየቀ ነገር ማስረጃነቱ ደካማ ነው።

የፋይዳ ካርድ ኮፒ የምትሰበስቡ ካላችሁ አቁሙ። ፋይዳ ሲመዘገብ አሥር ጣት፣ ሁለት የዓይን ብሌንና ፊት ይወሰዳል፤ የይለፍ ቃል ይቀየራል፣ ጣት አይቀየርም። አሻራው ካርዱ ኮፒ ላይ የለም፤ ቁጥሩ፣ ስሙና ፎቶው ግን በሌላ ሰው እጅ ሲገባ በስማችሁ ለማጭበርበር በቂ ነው። ካርዱን አይቶ፣ «ታይቷል» ብሎ ፈርሞ መመለስ ይበቃል።

#10 ጀጎል_ውስጥ · ማክሰኞ ማታ 2:30

እህቴ ጠበቃ ያለችው ላይ አንድ ልጨምር። ነጻ ሶፍትዌር ተጠቀምን ማለት ከካፒታል ወጣን ማለት አይደለም። የነጻ ሶፍትዌር ንቅናቄ መሥራቹ ስታልማን ግኑ የተባለውን ነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በ1983 እ.ኤ.አ. ሲያስታውቅ ኮዱ የጋራ ሆኖ እንዲቀር ነበር ትግሉ፤ ዛሬ ጎግል አንድሮይድን የሠራው በሊኑክስ ላይ ነው፤ ኮዱ ክፍት ሆኖ ትርፉ ዝግ ነው። ወጪው ደግሞ ድሃ አገር ላይ ይወድቃል፤ ናይሮቢ ውስጥ ለቻትጂፒቲ ባለቤት ለኦፕንኤአይ አስከፊ ጽሑፎችን ሲለዩ የነበሩ ሠራተኞች በሰዓት የሚያገኙት ከ2 ዶላር በታች እንደነበር በጥር 2023 እ.ኤ.አ. ተዘግቧል። የመሣሪያው ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ወሳኙ ግን የተደራጀው ሰው ነው።

አሁን ለአሸዋ ሱቅ ቃል የገባሁለትን ስሌት ላምጣ። ኮሚሽን የሚቆረጠው ከጠቅላላ ዋጋው ነው። ለስሌት ያህል፣ ከ100 ብር ላይ ኮሚሽኑ 15 ብር፣ ቤንዚንና ጥገናው 45 ብር ይሁን። ያለ አፕ ለሾፌሩ የሚቀረው 55 ነበር፤ አሁን 40 ነው። «15 በመቶ» የተባለው ከኪሱ 27 በመቶ ነው። አፑ ይህን እንዲያካክስ ሾፌሩ በአፕ የሚያገኘው ጉዞ ምን ያህል መጨመር አለበት የሚለው ይሰላል፤ 55 ለ40 ሲካፈል 1.375 ነው። ሥራው ቢያንስ 37.5 በመቶ ካልጨመረ ኪሳራ ነው።

ሌላው አፑ የማይመዘግበው ባዶ ኪሎ ሜትር ነው። እያንዳንዱ ሾፌር ጠዋትና ማታ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ቁጥር፣ ከሰው ጋር የሄደውን፣ ያስገባውን ብር፣ የተቆረጠበትን በደብተር ይጻፍ። 90 ኪሎ ሜትር ተነድቶ 54ቱ ብቻ ከሰው ጋር ከሆነ 40 በመቶው ባዶ ነው። የ30 ሾፌር የአንድ ወር ደብተር ሲደመር ማኅበሩ ድርድር ላይ የሚያስቀምጠው የራሱ ቁጥር ይኖረዋል።

#11 አሸዋ_ሱቅ · ማክሰኞ ማታ 3:00

ይህ ስሌት ገብቶኛል። የ27 በመቶዋን ነገር ለማኅበሩ አመራር ዛሬውኑ እነግራለሁ። ቆጣሪው የተበላሸበት ባጃጅ ግን ብዙ ነው፤ እነሱስ?

#12 ሽቦና_ብረት · ማክሰኞ ማታ 3:25

አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው የቆጣሪው ገመድ ነው፤ መቀየር ከባድ ሥራ አይደለም። እስኪቀየር ኢንተርኔት የማይፈልገውን ኦስምአንድ የሚባል ካርታ ጫኑ፤ የጉዞ መዝገቡ ስልኩ ላይ ብቻ ይቀራል። የአካባቢ ፈቃዱን «አፑ ሲከፈት ብቻ» አድርጉ። ስልኩን ፀሐይ በሚያገኘው መስታወት ላይ አትሰኩ፤ ሲግል ጂፒኤሱ ይቆራረጥና ኪሎ ሜትሩ ያንሳል።

#13 ሳቢያን_ልጅ · ማክሰኞ ማታ 3:50

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። አባል ከማኅበሩ ሲወጣ መረጃው ይጠፋል ወይስ ይቀመጣል?

#14 ጠበቃ_ድሬ · ማክሰኞ ማታ 4:15

ስልክ ቁጥሩ፣ የቤት አድራሻውና የተጠሪው ስም ይጥፋ፤ ዓላማቸው አብቅቷል። የከፈለው መዋጮ ለኦዲት ስለሚያስፈልግ በስሙና በአባልነት ቁጥሩ ይቆይ። ይህ ደንቡ ላይ ተጽፎ አዲስ አባል ሲገባ ይነበብለት።

#15 ሽቦና_ብረት · ማክሰኞ ማታ 4:30

በዚያ ላይ አንድ ነገር። ዋናው ፋይል ላይ ብታጠፉትም «ስታገርድ ቨርዥኒንግ» የድሮውን ቅጂ ይዞ ይቆያል፤ ካልቀየራችሁት ጣራው 365 ቀን ነው። ስለዚህ ደንቡ «ወዲያው ይጠፋል» አይበል፤ «ከዋናው መዝገብ ወዲያው፣ ከመጠባበቂያ ቅጂ በአንድ ዓመት ውስጥ» ይበል። ካዝና ውስጥ ያሉት ፍላሾች ላይም ቀን ጻፉባቸው፤ ዓመት የሞላቸውን አጥፍታችሁ መልሳችሁ ተጠቀሙባቸው።